ጨዋታ ዕድሜ አይመርጥም፦ አረጋውያንና የቪዲዮ ጌም

በዚህ ዕትም የምናነሳው ብዙ ሰው «የልጆች ነገር ነው» ብሎ የሚያልፈውን ጉዳይ ነው፤ የቪዲዮ ጌምን። የምንነጋገረው ግን ስለ ልጆች ሳይሆን ስለ እናቶቻችንና ስለ አባቶቻችን ነው። ዕድሜው ከ60 ዓመት ያለፈ ሰው በሞባይል ስልክ ወይም በፕሌይስቴሽን ቢጫወት ለጤናው ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል? ምን ዓይነት ጥንቃቄ ያስፈልገዋል? ቤተሰብና የጤና ፈቃደኛ ሠራተኞችስ ምን ሊያግዙ ይችላሉ?

ጥያቄው ለእኛ ለካኩማ ነዋሪዎች ቀላል አይደለም። ካምፑ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ያን ጊዜ የ30 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ የገባ ሰው ዛሬ ከ60 ዓመት አልፎታል። ሱቅ ከፍቶ፣ ቡና ቤት አቁሞ፣ ልጅ አሳድጎ የኖረ ሰው ዛሬ ጉልበቱ ደክሞ፣ ልጁ በሪሴትልመንት ሄዶ፣ የሚያውቀው ጎረቤት ተለውጦበት ቀኑን ሙሉ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይውላል። ክሊኒክ መጥተው «ምንዎን ያምዎታል?» ስንላቸው «ኧረ ምንም አላመመኝም፤ ቀኑ ነው አልመሽ ያለኝ» የሚሉን አባቶች አሉ። «ቀኑ አልመሽ አለኝ» የሚለው ቃል በሕክምና ካርድ ላይ አይጻፍም እንጂ የጤና ችግር ነው። ብቸኝነት ድብርት ያመጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ምግብ ያስጠላል፣ መድኃኒትን በሰዓቱ መውሰድንም ያስረሳል።

በዚህ ዕድሜ ጌም?

«በዚህ ዕድሜዬ የልጅ መጫወቻ ይዤ ልታይ?» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። በየሻይ ቤቱ ደጃፍ ዳማ በቆርኪ የሚጫወቱ አባቶች አሉን። ገበጣ የሚያውቁ፣ ካርታ የሚወዱ እናቶችና አባቶችም አሉን። ዕድሜ ልኩን ዳማ በቆርኪ ሲጫወት የኖረ ሰው ያንኑ ዳማ በስልክ ቢጫወተው ነውሩ ምኑ ላይ ነው?

ደግሞም የቪዲዮ ጌም የትናንት ፈጠራ አይደለም። ከላይ የሚወርዱትን ቅርጾች እያገጣጠሙ የሚጫወቱት «ቴትሪስ» በሶቪየት ኅብረት የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ብዙዎቻችን የምናውቃት የኖኪያ ስልክ እባብ ሰው እጅ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ያን ጊዜ በጎልማሳነቱ እባቧን ያበላ የነበረ ሰው ዛሬ ሽማግሌ ነው። ስለዚህ ጌም የሚጫወት አረጋዊ ብርቅ አይደለም። ጃፓናዊቷ ሃማኮ ሞሪ እ.ኤ.አ. በ1930 የተወለዱ ሲሆን፣ በ90 ዓመታቸው እ.ኤ.አ. በ2020 የቪዲዮ ጌም እየተጫወቱ በዩቲዩብ የሚያሳዩ በዕድሜ ትልቋ ሰው ተብለው በጊነስ የድንቃድንቅ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 «ዊ» የተባለው ማጫወቻ ከወጣ በኋላም በአውሮፓና በአሜሪካ ባሉ የአረጋውያን መኖሪያዎች ውስጥ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ክንዳቸውን እያወዛወዙ በቴሌቪዥን ቦውሊንግ ሲጫወቱ ማየት የተለመደ ሆኖ ነበር።

ለእኛም የሚቀርብ ምሳሌ አለ። ደቡብ ሱዳናዊው ሉዋል ማየን ያደገው በሰሜን ዩጋንዳ በሚገኝ የስደተኞች ካምፕ ነው። እናቱ ሦስት ዓመት ሙሉ ገንዘብ አጠራቅመው በ300 ዶላር ኮምፒውተር ገዙለት። እሱም በዚያ ኮምፒውተር ራሱን አስተምሮ ስለ ሰላም የሚናገር «ሰላም» የሚባል ጌም ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ2018ም በዓለም አቀፍ የጌም ሽልማት ዝግጅት ላይ ተከበረ። ጌም የወጣት ብቻ ነው የምንል ከሆነ፣ ይህን ጌም ያስገኘው የአንዲት እናት ቁጠባ መሆኑን እናስታውስ።

ጥናት ምን ይላል?

በዚህ ጉዳይ ላይ የተጋነነ ነገር ብዙ ስለሚወራ በጥንቃቄ መናገር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኙ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 85 ዓመት የሆኑ ሰዎችን ለዚሁ በተሠራ የመኪና መንዳት ጌም አሠለጠኑ። ሥልጠናው በአንድ ወር ውስጥ 12 ሰዓት ያህል ነበር። አረጋውያኑ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የመሥራት ችሎታቸው ተሻሻለ፤ በዚያው ጌም ካልሠለጠኑ የ20 ዓመት ወጣቶችም በለጡ። ለውጡ ከ6 ወር በኋላም አልጠፋም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ55 እስከ 75 ዓመት የሆናቸው ጥቂት ሰዎች «ሱፐር ማሪዮ» የተባለውን ጌም ለ6 ወር ያህል እንዲጫወቱ አድርጎ፣ ለማስታወስ በሚያገለግለው የአንጎል ክፍላቸው ላይ መጠነኛ ዕድገት ማየቱን ገልጿል። ጥናቱ የተካሄደው በጥቂት ሰዎች ላይ ስለሆነ «ጌም የመርሳት በሽታን ይከላከላል» ብሎ ለመደምደም አይበቃም።

እንዲያውም እንዲህ ብሎ መደምደም ያስቀጣል። እ.ኤ.አ. በጥር 2016 የአሜሪካ መንግሥት የንግድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ የአእምሮ ጌም የሚሸጥ አንድ ድርጅት «ጌማችን የመርሳት ችግርን ያዘገያል» እያለ ያለ በቂ ማስረጃ በማስተዋወቁ 2 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል። ስለዚህ «ይህን ጌም ብትገዛ አንጎልህ ይታደሳል» የሚል ማስታወቂያ በስልክዎ ቢመጣ ገንዘብዎን አያውጡ።

አእምሮን በእርጅና ዘመን የሚጠብቀው ምንድን ነው ካሉ፣ መልሱ ብዙ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ሰፊ ዘገባ ልንከላከላቸው ወይም ልናስተካክላቸው የምንችላቸውን 14 ምክንያቶች ይዘረዝራል። ከእነዚህም መካከል የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ ማጨስ፣ የሰውነት እንቅስቃሴ ማነስ፣ የመስማትና የማየት ችግር፣ ድብርትና ከሰው መገለል ይገኙበታል። እነዚህን ሁሉ ማስተካከል ቢቻል ከመርሳት በሽታ ውስጥ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል እንደነበር ዘገባው ይገምታል። ከሰው መገለል ከእነዚህ አንዱ መሆኑን ልብ ይበሉ። ጌም የሚጠቅመን በዋናነት እዚህ ላይ ነው።

ጨዋታ ማለት ከሰው ጋር ነው

በቋንቋችን «ጨዋታ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይይዛል። ልጅ ኳስ ሲያንከባልል ይጫወታል፤ ሽማግሌዎች ቡና ይዘው ሲያወጉም ይጫወታሉ። «ና ቁጭ በል፣ እንጫወት» ሲሉ ወሬውን ማለታቸው ነው። ወላጆቻችን ቃሉን ሲያቆራኙት አውቀውበታል። ብቻውን ጥግ ይዞ ስልኩ ላይ ያቀረቀረ ሰው ጌም ነካ ይባላል እንጂ በእኛ ወግ ተጫወተ አይባልም።

ስለዚህ ለአረጋዊ የሚመከረው ጌም ሰው የሚያቀርብ ጌም ነው። ሁለት ሰው በአንድ ስልክ ላይ ተራ በተራ የሚጫወተው ዳማ፣ አራት ሰው የሚሰበሰብበት ሉዶ፣ አያትና የልጅ ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚጫወቱት የእግር ኳስ ጌም ከሁሉ ይሻላሉ። እማማ ጎል ሲገባባቸው «አንተ ወስላታ፣ አሳሳትከኝ!» ብለው ሲስቁ፣ ልጁም «አይ እማማ፣ እርስዎ ራስዎ ወደ ራስዎ በር መቱት እኮ!» ሲላቸው፣ መድኃኒት የሆነው ኳሱ ሳይሆን ሳቁ ነው። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይባል የለ?

ብቻዎን ሲሆኑም መጫወት ክልክል አይደለም። ቴትሪስ፣ ሱዶኩ፣ ቼዝና የካርታ ጨዋታ ኢንተርኔት ሳያስፈልጋቸው የሚሠሩ ዓይነቶች አሏቸው። አንድ ጊዜ ስልክዎ ላይ ካስጫኑ በኋላ የካርድ ወጪ የለባቸውም። ነገር ግን ብቻዎን የሚጫወቱበት ሰዓት ከሰው ጋር ከሚውሉበት ሰዓት እየበለጠ ከመጣ ቆም ብለው ያስቡ።

ሲጫወቱ ሊጠነቀቁ የሚገባዎት

ዓይን፦ ከ40 ዓመት በኋላ ቅርብ ያለውን አጥርቶ ማየት እያስቸገረ መምጣቱ የተለመደ ነው፤ የማንበቢያ መነጽር ያስተካክለዋል። ስልኩን ከዓይንዎ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ያርቁት። ፊደሉንና ብርሃኑን ልጆች እንዲያስተካክሉልዎት ያድርጉ። ስክሪን ላይ ስናፈጥ ዓይናችንን የምናርገበግበው ጥቂት ጊዜ ስለሆነ ዓይን ይደርቃል፤ በአካባቢያችን አቧራና ነፋስ ደግሞ ይብሳል። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ያህል ራቅ ያለ ነገር፣ ለምሳሌ የጎረቤትን ዛፍ ይመልከቱ።

እግርና ወገብ፦ ለረጅም ሰዓት ሳይነሱ መቀመጥ እግርን ያሳብጣል፣ ወገብን ያደርቃል፣ የደም ዝውውርንም ያዘገያል። ቢበዛ በየግማሽ ሰዓቱ ይነሱና ግቢውን አንድ ጊዜ ይዙሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ በሳምንት 3 ቀን ደግሞ ሚዛንና ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲጨምሩ ይመክራል። 150 ደቂቃ ማለት በቀን 30 ደቂቃ በሳምንት 5 ቀን መራመድ ነው። ጌም ይህን አይተካም።

ምግብ፣ ውኃና መድኃኒት፦ የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑና መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ በጨዋታ ተይዘው የምግብ ሰዓት አያሳልፉ። ላብ ካጠመቅዎት፣ እጅዎ ከተንቀጠቀጠና ከረሀብ ጋር ግራ ከተጋቡ ጨዋታውን አቁመው ወዲያውኑ ስኳር ያለበት ነገር ይውሰዱ፤ በጌሙ ደስታ ምክንያት ነው ብለው አይለፉት። በቱርካና ሙቀት አረጋዊ ሰው ጥሙ ሳይሰማው ውኃ ሊያጥረው ስለሚችል ውኃ ከጎንዎ አይለይ። ያው ስልክ የሚጠቅምበትም መንገድ አለ፦ የደም ግፊት ኪኒን የሚወስዱበትን ሰዓት በአላርም ያስሞሉት።

እንቅልፍ፦ ከመተኛትዎ በፊት ባለው የመጨረሻ ሰዓት ስልኩን ያስቀምጡት። ቻርጅ ላይ ያለ ስልክ ወይም ፓወር ባንክ ትራስ ሥር አድርገው አይተኙ፤ ሊግልና እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

የሚጥል በሽታ፦ አንዳንድ ጌሞች ቶሎ ቶሎ የሚያብለጨልጭ ብርሃን አላቸው። ጥቂት ሰዎች ላይ ይህ ብርሃን የሚጥል በሽታን ይቀሰቅሳል። ሕመሙ ያለብዎት ከሆነ አስቀድመው ክሊኒክ ያማክሩ።

ገንዘብ፦ ይህ ትልቁ ጥንቃቄ ነው። በስልክ ከሚመጡት «ጌሞች» ብዙዎቹ ጨዋታ ሳይሆኑ ቁማር ናቸው። አውሮፕላን ሲወጣ እያሳዩ «ሳይጠፋ ገንዘብህን አውጣ» የሚሉ፣ መጀመሪያ ትንሽ አስበልተው ኋላ የሚያራቁቱ አሉ። መለያው ቀላል ነው፦ ለመጫወት ገንዘብ የሚያስይዝና ገንዘብ እሰጣለሁ የሚል ሁሉ ቁማር ነው። የኤም-ፔሳ የሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም፣ ለጌም አስጫኙ ልጅም ቢሆን አይስጡ። ለቀለብ የመጣ ገንዘብ በአንድ ሌሊት ጠፍቶበት አፍሮ ለማንም ሳይናገር የሚሰቃይ ሰው ካለ፣ ማፈሩ ይቅርና ለሚያምነው ሰው ወይም ለጤና ሠራተኛ ይንገር።

ጌሙ የሚናገረው ምልክት

እስካሁን ስለ ጥቅሙና ስለ ጉዳቱ ተነጋገርን። ሌላም ቁም ነገር አለ። በየቀኑ የሚጫወት ሰው ጨዋታው ሲለወጥ ቤተሰቡ ቶሎ ሊያየው ይችላል። ለወትሮው አሸናፊ የነበሩ አባት መሸነፍ ሲያበዙ ልጆች ይስቃሉ። ከመሳቅ በፊት ግን መጠየቅ ይገባል።

• በድንገት ስልኩ ወይም ጆይስቲኩ ከእጃቸው ከወደቀ፣ አንድ እጃቸው ከዛለ፣ ፊታቸው በአንድ ጎን ከተጣመመ ወይም ንግግራቸው ከተኮላተፈ የስትሮክ ምልክት ሊሆን ይችላል። «ትንሽ ይረፉ» ብላችሁ አትጠብቁ። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ይዛችሁ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዱ። ምልክቱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቢጠፋም እንኳ መሄድ ያስፈልጋል።

• ስክሪኑ ጭጋግ የለበሰ ከመሰላቸው፣ ብርሃን ካስቸገራቸው ወይም ጥግ ጥጉን ማየት ካቃታቸው የዓይን ሞራ ወይም ግላኮማ ሊሆን ስለሚችል ዓይናቸው ይመርመር። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይድናል፤ ግላኮማ ግን ያጠፋው ብርሃን ስለማይመለስ ቶሎ መድረስ ይሻላል።

• የጌሙ ድምፅ ከልክ በላይ ከፍ እንዲል የሚጠይቁ ከሆነ ጆሯቸው ይታይ። አንዳንዴ መንስኤው የጆሮ ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

• ለዓመታት የሚያውቁትን የዳማ ሕግ እየረሱ ከመጡ፣ ተራ የማን እንደሆነ ደጋግመው ከጠየቁ፣ ይህም በወራት ውስጥ እየባሰ ከሄደ ለጤና ሠራተኛ ንገሩ። የመርሳት ምልክት ሁሉ እርጅና አይደለም፤ ሊታከም የሚችል ምክንያት ሊኖረው ይችላል።

• ጨዋታውን እርግፍ አድርገው ከተዉ፣ «ምን ያደርግልኛል» ካሉ፣ ከቤት መውጣት ከጠሉ ድብርት ሊሆን ይችላል። ድብርት ሕመም ነው፤ ሕክምናም አለው።

ለቤተሰብና ለፈቃደኛ ሠራተኞች

አረጋዊን ጌም ማስተማር ትዕግሥት ይጠይቃል። በጣም የተለመደው ጥፋት ወጣቱ «ቆይ፣ እኔ ላሳይዎት» ብሎ ስልኩን ከእጃቸው መንጠቁ ነው። ስልኩ እሳቸው እጅ ይቆይ፤ እርስዎ በቃል ብቻ ይምሩ። በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ ያሳዩ። መጀመሪያ የሚያውቁትን ጨዋታ፣ ለምሳሌ ዳማን ወይም ካርታን ይምረጡላቸው። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰው ሰፊ ስክሪን ያለው ስልክ ወይም ታብሌት ይሻላል። ጣት የሚያሳምማቸው ከሆነ ፍጥነት የማይጠይቅ ጌም ይሁን።

በየዞኑ ያላችሁ ፈቃደኞች ደግሞ የፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤቶችን አነጋግሩ። ከጠዋቱ ልጆች ትምህርት ቤት ባሉበት ሰዓት ቤቱ ባዶ ነው፤ ሙቀቱም ገና አልበረታም። በሳምንት አንድ ጠዋት ለአረጋውያን ቢፈቀድ ለባለቤቱ ብዙ አያጎድልበትም። የሚደገፉበት ወንበር፣ የሚጠጣ ውኃ፣ ንጹሕ አየርና በቅርብ መጸዳጃ ቤት መኖሩን አስቀድማችሁ እዩ። ወለሉ ላይ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ገመድ አረጋዊ ስለሚጥል በግድግዳ በኩል ይዙር። ሲጋራ አይጨስበት። በዚያው አጋጣሚ የደም ግፊት መለካትና መድኃኒታቸው እንዳላለቀ መጠየቅ ይቻላል። ክሊኒክ ጥሩት ቢባል የማይመጣ ሰው ለጨዋታ ሲጠሩት ይመጣ ይሆናል።

እናቶችን አትርሱ። የፕሌይስቴሽን ቤት የወንዶች ቦታ ተደርጎ ስለሚታይ እማማዎች ደጁን አይረግጡም። ለእነሱ ቡና በሚፈላበት ቤት አንድ ታብሌት መሀል ላይ ቢቀመጥ ይበቃል። ከቤት መውጣት ለማይችሉ ሕመምተኞችም ፈቃደኛው በጉብኝቱ ጊዜ አንድ ዙር ዳማ ተጫውቶላቸው ቢሄድ ጉብኝቱ ጉብኝት ይሆናል።

ሲበዛስ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የጌም ሱስ በሕመምነት ተመዝግቧል። ይህ ማለት የሚጫወት ሁሉ ሱሰኛ ነው ማለት አይደለም። ሦስት ነገሮች ይታያሉ፦ ጨዋታውን መቆጣጠር አለመቻል፣ ጨዋታውን ከምግብ፣ ከሥራና ከቤተሰብ ማስቀደም፣ ጉዳት እያመጣ እያዩም አለማቆም። ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ያህል ሲቆይና ኑሮን ሲያናጋ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በራስዎ ወይም በዘመድዎ ላይ ካዩ ክሊኒክ ያማክሩ። ብዙ ጊዜ ከሱሱ በስተጀርባ ሐዘን ወይም ድብርት ስለሚኖር መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በየብሎካችሁ ቀኑ አልመሽ ያላቸው አባት ወይም እናት አይጠፉም። በዚህ ሳምንት አንዱን ቀን ለይታችሁ ደጃቸውን አንኳኩ። ቆርኪ ካለ በቆርኪ፣ ስልክ ካለ በስልክ ይሁን። «አባባ፣ አንድ ዙር እንጫወት» በሏቸው። ከጨዋታው በኋላም ኪኒናቸውን መዋጣቸውን፣ ዓይናቸው እንዴት እንደሆነ፣ እንቅልፍ እንደሚወስዳቸው ጠይቁ። መልሱ የሚያሳስብ ከሆነ በአቅራቢያችሁ ላለው ክሊኒክ ወይም ለብሎካችሁ የጤና ፈቃደኛ ሠራተኛ ሳትዘገዩ አሳውቁ።